«ተዛውሯል» ብዬ የጻፍሁት ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከዚህ ቀደም በዚህ ገጽ ስለ አጽዋማትና ስለ በዓላት ጽፌላችኋለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ አንድ መዝገብ ነው። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፣ በአባላት ጉዳይ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ በገዛ እጄ አንድ ሐሰት ጽፌበታለሁ። ሐሰት ብዬ ለመጥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ቀድሞ «ስሕተት» እለው ነበር።

ነገሩ የታወቀው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ደረሰ። እኔ ያን ጊዜ የአባላት ጉዳይ ክፍል ጸሐፊ ነበርሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ የስታቲስቲክስ ተማሪ። ሰብሳቢያችን በበጎ ፈቃድ መምህራን የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ምን ፍሬ እንዳፈራ አጭር ሪፖርት እንዳቀርብ አዘዘኝ። ቁጥር የሚወድ ሰው ቁጥር ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። በአንድ ምሽት አዘጋጀሁት። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የነበሩት 17 አባሎቻችን በሙሉ፣ ማለትም መቶ በመቶ፣ ለፈተና ቀርበዋል፤ ከእነርሱም ሁለቱ የማለፊያውን ነጥብ አምጥተዋል። በሀገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ በነበሩበት ዓመት የእኛ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። ይህን ሳነብ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች እልል አሉ። የሰበካ ጉባኤው ተወካይም «እንዲህ ያለ ሥራ ነው የሚያስፈልገን» ብለው ተናገሩ። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ጉባኤው በጸሎት ከተዘጋ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ሲታደል አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ቀረቡ።

«ልጄ ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማህ፤ ጥሩ አነበብህ። የእኔ ልጅ ግን ከየትኞቹ ጋር ነው የተቈጠረው?»

ልጃቸውን ዐውቀዋለሁ። በማእከላውያን ክፍል ሳለ ከበሮ ይመታልን ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ሳቁም የማይጠፋ ልጅ። «እማማ፣ መዝገቡን አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ነቅንቀው ጸበላቸውን ይዘው ሄዱ።

መዝገቡን የከፈትሁት በዚያው ቀን ምሽት ነው። ስሙ በ2012 ዓ.ም. በ9ኛ ክፍል ዝርዝር ውስጥ አለ። በአስተያየት ዐምዱ ላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ «ተዛውሯል»። ቀኑ መጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው። ወዴት እንደ ተዛወረ አልተጻፈም። የመሸኛ ደብዳቤ አልተያያዘም። ማን እንደ ነገረኝ እንኳ አልሰፈረም።

እንዴት እንደ ጻፍሁት አስታወስሁ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የእኛም ጉባኤ ተበተነ። በ2013 ዓ.ም. ስንመለስ መዝገቡ ሰው የማይመጣባቸው ስሞች ሞሉበት። ክፍሉ ደግሞ «መዝገቡን አጽዱ» የሚል መመሪያ ደረሰው። እኔም ለአገልግሎቱ አዲስ ስለ ነበርሁ በትጋት አጸዳሁት። የቀረ ልጅ ሲገጥመኝ ጓደኛውን እጠይቃለሁ፤ ጓደኛው «ሰፈር ሳይለቁ አይቀሩም» ካለኝ «ተዛውሯል» ብዬ እጽፋለሁ። «አቋርጧል» የሚለውን ቃል ለምን አልመረጥሁም? ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። «አቋርጧል» ብሎ የጻፈ ሰው ለምን፣ የት ነው ያለው፣ ማን ጐበኘው የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። «ተዛውሯል» ግን ጥያቄ የለውም። ልጁ በሌላ አጥቢያ፣ በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌሎች እረኞች እጅ በሰላም አለ ማለት ነው፤ መዝገቡም ይዘጋል፤ ጸሐፊውም ይተኛል።

እውነቱ ቤተሰቡ ሰፈር አለመልቀቁ ነው። አባትየው ታመው ሥራ ካቆሙ በኋላ ልጁ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ በሕንፃ ግንባታ ቦታ አሸዋና ጠጠር ሲያመላልስ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ለ10ኛ ክፍል አልተመዘገበም። ከጓደኞቹ ጋር መገናኘት ስላሳፈረው እኛም ዘንድ ቀረ። እናቱ ግን በየሰንበቱ ቅዳሴ ያስቀድሱ ነበር። ከቆሙበት እስከ እኔ አገልግሎት ቦታ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

የጠፋውን በግ ምሳሌ (ሉቃ. 15፥1-7) ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መምህራን ሲሰብኩት የሚያተኩሩት እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ በመሄዱ፣ በትከሻው ተሸክሞ በመመለሱና በደስታው ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔን ያን ሌሊት የያዘኝ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ያለው ነገር ነው። እረኛው አንድ እንደ ጐደለው በምን ዐወቀ? ሲያሰማራቸው መቶ እንደ ነበሩ ስለሚያውቅ ነው። ማታ በበረቱ ደጅ ቆሞ የገቡትን ብቻ ቢቈጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኝ ያገኛል፤ ከገቡት ዘጠና ዘጠኝ ውስጥ ዘጠና ዘጠኙ ገብተዋልና መቶ በመቶ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። በስሌቱ ላይ ምንም ስሕተት አይገኝበትም። የእኔም ሪፖርት እንዲሁ ነበር። 17 ለ17 ሲካፈል አንድ ነው፤ ማንም መምህር ቀይ እስክሪብቶ አያነሣበትም።

በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲ አንድ መምህራችን ስለ ክፍልፋይ ሲያስተምረን ከላይኛው ቁጥር፣ ከላዕሉ፣ ይልቅ የታችኛውን፣ ታሕቱን፣ እንድንጠረጥር አስጠነቀቀን። ምሳሌ ያደረገውም በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኘውን የሂዩስተን ከተማን ነበር። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በዚህና በሚቀጥሉት ሦስት አንቀጾች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በየዓመቱ ትምህርት የሚያቋርጠው ተማሪ 1.5 በመቶ ብቻ ነው ብለው ያስታውቁ ነበር። ስኬቱ «የሂዩስተን ተአምር» ተባለ። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበሩት ሮድ ፔጅም በ2001 የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ከዚያም ሻርፕስታውን በተባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሮበርት ኪምባል የተባሉ ምክትል ርእሰ መምህር አንድ ነገር አስተዋሉ። በ2001-2002 የትምህርት ዘመን 463 ተማሪዎች ትምህርት ቤቱን ለቅቀዋል፤ በሪፖርቱ ግን ያቋረጠ ተማሪ ዜሮ ነው። ነገሩን ይፋ አወጡት። የግዛቱ ኦዲተሮች 16 ትምህርት ቤቶችን ሲመረምሩ ከለቀቁት 5,500 ያህል ተማሪዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አቋራጭ ተብለው መመዝገብ ሲገባቸው እንዳልተመዘገቡ በ2003 ታወቀ።

የት ተመዘገቡ ትሉ ይሆናል። ግዛቱ ለለቀቀ ተማሪ ሁሉ የሚሰጥ የምክንያት መለያ ቁጥር ነበረው፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሷል፣ በግሉ ሌላ የምስክር ወረቀት ለማግኘት እየተዘጋጀ ነው የሚሉና ሌሎችም። ከእነዚህ አንዱ የተሰጠው ልጅ ከአቋራጮች ቁጥር ይወጣል። መምህሩ ይህን ሲያስረዳን የክፍል ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ከባሕር ማዶ ያለው ያ መለያ ቁጥርና የእኔ «ተዛውሯል» አንድ ነበሩ።

አሜሪካውያን ከዚህ በኋላ ያደረጉትን በዝርዝር አነበብሁ፤ ለእኛም ይጠቅማልና በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀድሞ ግዛቶቹ የየራሳቸው ስሌት ነበራቸው። በ2005 የሃምሳው ግዛቶች ገዥዎች ወደ አንድ የጋራ ስሌት ለመምጣት ቃል ገቡ፤ በ2008 የፌዴራሉ መንግሥት በደንብ አጸናው። ስሌቱ የሚጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው። በአንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ 9ኛ ክፍል የገቡት ሁሉ በስም ይመዘገባሉ። በመንገድ ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት መጥተው የተቀላቀሉ ይደመራሉ። በእውነት የተዛወሩ፣ ከአገር የወጡና ያረፉ ይቀነሳሉ። በቀሩት ላይ፣ በአራት ዓመት ውስጥ መደበኛውን ዲፕሎማ ያገኙት ይካፈላሉ። የደንቡ ጥርስ ያለው ግን «በእውነት የተዛወሩ» በሚለው ላይ ነው። ተማሪው በሌላ ትምህርት ቤት መመዝገቡን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ካልቀረበ ከታሕቱ አይወጣም። የት እንደ ደረሰ ያልታወቀ ልጅ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያላስመረቀው ልጅ ሆኖ ይቈጠራል። ይህ ስሌት በመላ አገሪቱ ሲጀመር ለ2010-2011 የተገኘው ውጤት 79 በመቶ ነበር፤ በ2019-2020 ወደ 87 በመቶ ደርሷል።

በነገራችን ላይ «ትምህርት ያቋረጠ» የሚለው ቃል በዚያ አገር ራሱ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው አይደለም። በቤት ለቤት ጥናት የሚገኝ ሌላ ቁጥር አለ፤ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 ከሆኑት ውስጥ ትምህርት ላይ ያልሆኑትንና የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት የሌላቸውን ይቈጥራል። በዚህ ቁጥር መሠረት በ19 ዓመቱ ከኢትዮጵያ ወደ ቨርጂኒያ ሄዶ በቀጥታ ሥራ የገባ፣ የአሜሪካን ክፍል በር እንኳ ያልረገጠ ወንድማችን «አቋራጭ» ነው። በአንጻሩ ጥናቱ በየቤቱ የሚደረግ ስለሆነ በእስር ቤት ያለው ወጣት ከመጀመሪያውም አይቈጠርም። በእነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ ብዙ አሰብሁ፤ አንዱ ያልተማረበትን ትምህርት ቤት አቋረጠ የተባለ፣ ሌላው አቋርጦ ሳለ ከሰው ቁጥር የወጣ።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ የሆነውን አትረሱትም። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ብዙ ቤት ለቅሶ ሆነ። እኔ ግን ያ ቁጥር መራራ ቢሆንም እውነተኛ መድኃኒት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ኩረጃ የሸፈነውን ላዕል ገልጦ አሳይቶናል። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። እየተሻሻለ ነው ብለን አመሰገንን። ያለፉትም ከ27,267 ወደ 48,929 ከፍ ብለዋልና ምስጋናው ከንቱ አይደለም።

ሆኖም ታሕቱን ተመልከቱ። በ2015 ዓ.ም. የተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ585 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 260 ሺህ የሚጠጋ ተፈታኝ ከታች ቀንሷል። የ2017ቱን አላፊዎች በ2015ቱ የተፈታኝ ብዛት ብናካፍላቸው 8.4 በመቶው ወደ 5.8 ይወርዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 260 ሺሁ ሁሉ ትምህርት ያቋረጡ ናቸው ማለቴ አይደለም። 9ኛ ክፍል የገቡት ራሳቸው በየዓመቱ እኩል አይደሉም፤ በጸጥታ ችግር ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆችም አሉ፤ እነርሱን «አቋረጡ» ማለት በደል ይሆናል፣ ትምህርት ቤቱ ነውና ያቋረጣቸው። እንግዲህ ይህን ለመለየት የሚቻለው በበረቱ ደጅ ሳይሆን ከመነሻው፣ ከ9ኛ ክፍል መዝገብ፣ በስም ተነሥቶ ሲቈጠር ነው። በሀገራችን ለረጅም ዓመታት የትምህርት መረጃ የተሰበሰበው ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በሚሞሉት ቅጽ ነው፤ ቅጹም የሚጠይቀው ድምርን ነው፤ በየክፍሉ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ደጋሚ። ድምር ደግሞ ስም የለውም። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ መልቀቂያ ሳይዝ የሄደ ልጅ በአንዱ ዘንድ ያቋረጠ፣ በሌላው ዘንድ አዲስ ገቢ ይሆናል፤ እርሱ ራሱ ግን አንድ ልጅ ነው።

ስለ መንግሥት ቅጽ ብዙ መናገር ይቀላል፤ የእኛው አረንጓዴ መዝገብ ግን በእጃችን ነበረ። ከእኅቶቻችን አንዲቱ፣ በሙያዋ ነርስ የሆነች፣ ልታግዘኝ ፈቀደች። ከጽጌ ጾም ማብቂያ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የ2012 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ልጆችን በስም ፈለግናቸው። ስልክ ደወልን፤ ስልክ የሌላቸውን ቤት ለቤት ሄድን። አንዳንዱ ቤት ቡና ተፈልቶ ሁለት ሰዓት ያቈየናል፤ አንዳንዱ ቤት ከበር አይዘልቅም።

በመዝገቡ የነበሩት 41 ናቸው። በመካከል ከሌላ አጥቢያ መጥተው የተቀላቀሉ ሁለት አሉ፤ 43። ስድስቱ በእርግጥ ተዛውረዋል፤ የተዛወሩበትን አጥቢያ ጠይቀን «አዎን፣ እኛ ጋር ናቸው» የሚል ቃል በጽሑፍ ተቀበልን። አንዲት እኅታችን አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር። የእርሷንም ስም እኔ ሳላውቅ «አልመጣችም» ብዬ ምልክት አድርጌበት ነበር። ሰባቱን ስንቀንስ 36 ቀሩ። ከእነዚህ 17ቱ ተፈትነዋል። ሦስቱ ክፍል ደግመው ገና በመማር ላይ ነበሩ። አሥራ አንዱ አቋርጠዋል። አምስቱን አላገኘናቸውም። እንግዲህ «መቶ በመቶ» ያልሁት 17 ከ36 ነበረ፤ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ስለ ሦስቱ ደጋሚዎች ከእኅታችን ጋር ተከራክረናል። እርሷ «እነዚህ ትምህርት ላይ ናቸው፤ ካቋረጡት ጋር አንድ አድርገህ አታሳፍራቸው» አለችኝ። ትክክል ናት። አንድ ልጅ በአራት ዓመት አልጨረሰም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ በአሜሪካም ለዚሁ ሲባል የአምስትና የስድስት ዓመት ስሌት ጐን ለጐን የሚያወጡ ግዛቶች አሉ። ለብቻቸው ዐምድ አበጀንላቸው። በአምስቱ ያልተገኙት ላይ ግን እኔ ጸናሁ። እርሷ «ምናልባት ተዛውረው ይሆናል» ስትል እኔ ያ «ምናልባት» ምን እንዳደረገኝ ስለማውቅ ከ36ቱ እንዲወጡ አልፈቀድሁም።

ካቋረጡት አሥራ አንዱ መካከል ስንፍና ምክንያት የሆነበት አንድም አላገኘሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አንዱ ራሱ «ሰነፍሁ» ብሎኛል። የብዙዎቹ ግን ሌላ ነው። ሦስቱ ሴቶች ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል፤ አንዷ ከዚያ በስልክ አነጋግራናለች፤ የቤት ሥራ ላይ ናት፤ «ዲያቆን፣ የማእከላውያን መዝሙር በስልክ ላክልኝ» አለችኝ። አራቱ ወንዶች በግንባታ ቦታና በባጃጅ ሥራ ላይ ናቸው። አንድ ልጅ ወረርሽኙ ባለፈ ጊዜ ለመመለስ ሲያስብ ዩኒፎርሙ እንደ ጠበበውና ሌላ ለማሰፋት ቤተሰቡን መጠየቅ እንዳፈረ ነገረን። ዩኒፎርም! በዚያው ዓመት እኛ ለመዘምራን አዲስ ልብስ አሰፍተናል።

ትክክለኛ ቈጠራ ብቻውን መድኃኒት እንዳይመስላችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ታሕቱ ሲስተካከል ፈተናው ወደ ላዕሉ ይሄዳል። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተመረቁት አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከመጠን በላይ ቀርተው ወይም ሌላ ደንብ ተጥሶላቸው መመረቃቸውን በቀጣዩ ዓመት የወጣ የምርመራ ሪፖርት አሳይቷል። ልጆቹ በስም ነበሩ፤ ዲፕሎማውም ነበረ፤ ትምህርቱ ግን አልነበረም። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ሄክማንም ከባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ጥናት በፈተና ብቻ የሚገኘውን አቻ የምስክር ወረቀት ከምረቃ ጋር መደመር የአገሪቱን ቁጥር ከፍ አድርጎ በነጮችና በጥቁሮች ተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ሸፈነ አሳይተዋል። የእኛም የማጠናከሪያ ክፍል በቁጥር ቢመዘን ደካማውን ልጅ «አንተ ዘንድሮ ባትፈተን ይሻልሃል» የማለት ፈተና ይገጥመዋል። ይህን ቃል በአካባቢያችን ካለ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ የሚል ወላጅ ገጥሞኛል።

አንድ አባት ይህን ሥራ ስንሠራ አይተው ንጉሡ ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ የደረሰበትን (2ሳሙ. 24) አስታወሱኝና «ቈጠራ አደጋ አለው፣ ልጄ» አሉኝ። ቃላቸውን ተቀበልሁ፤ አሰላሰልሁትም። ዳዊት ያስቈጠረው ሰይፍ የሚመዝዙትን፣ ኃይሉን ሊያይባቸው የሚችላቸውን ነው። እኔም በጥቅምቱ ጉባኤ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ የምመካባቸውን አሥራ ሰባት ቈጠርሁ። በኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ ሙሴ ሕዝቡን በየወገናቸውና በየአባቶቻቸው ቤት፣ በየስማቸው እንዲቈጥር ከእግዚአብሔር ታዝዟል። አባታችን ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው «እንግዲያስ በየስማቸው ይሁን» አሉኝ።

የእናቲቱን ልጅ የሄድሁበት ቀን ሐሙስ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ሲያቀብል አገኘሁት። ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ሲያየኝ ጓንቱን አውልቆ ሊሳለመኝ ጐንበስ አለ፤ ከአቧራው ጋር አቀፍሁት። ምሳ ሰዓት ስለ ነበረ በጠጠሩ ክምር ላይ ተቀመጥን። የመጣሁበትን ነገርሁት፤ መዝገቡ ላይ የጻፍሁበትንም።

«ተዛውሯል?» አለና ሳቀ። ያ የድሮ ሳቁ ነበር። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ ዲያቆን፣ እኔ እኮ በየእሑዱ በአጥሩ ውጭ አልፍ ነበር፤ ከበሮው ሲመታ እቆማለሁ። ማን እንደሚመታው በድምፁ ዐውቀዋለሁ» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «አንተ ምን አደረግኸኝ?» አለ። ምን እንዳደረግሁት ለማስረዳት ሞከርሁ፤ በሚገባ ግን አልቻልሁም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም በማታው ክፍለ ጊዜ ለ10ኛ ክፍል ተመዘገበ። መልቀቂያውን ከድሮ ትምህርት ቤቱ ለማውጣት አብሬው ስሄድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፋይሉን ረጅም ጊዜ ፈልጋ አገኘችው። በፋይሉም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተዛውሯል» የሚል ተጽፎበት ነበር። ሁለታችን ተያየን። ሠራተኛዋ ለምን እንደሣቅን አልገባትም፤ እኔም ልፈርድባት አልቻልሁም። አሁን 11ኛ ክፍል ነው። በአራት ዓመቱ ስሌት ያልጨረሰ፣ በስድስት ዓመቱም የማይደርስ፣ በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባበትን ሳጥን ያላገኘሁለት ልጅ ነው። በአረንጓዴው መዝገብ የድሮዋን ቃል በአንድ መስመር ሰርዤ፣ እንድትነበብ ግን ትቼ፣ ከጐኗ «ተመልሷል፤ በማታ ይማራል» ብዬ ቀኑን ጽፌበታለሁ። በቅዳሜው ልምምድ ከበሮውን ይዟል።

ለ2018 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረብሁት ሪፖርት እልልታ አልነበረውም። 36 ስም ያለበትን ሠንጠረዥ ነው ያነበብሁት፤ ስሞቹን በይፋ አላወጣሁም፤ ቁጥራቸውንና ያሉበትን ሁኔታ ብቻ ተናገርሁ። ከጉባኤው ሁለት ውሳኔ ወጣ። አንደኛው ከእንግዲህ ከተቀባዩ አጥቢያ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሳይመጣ ማንም አባል «ተዛውሯል» ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። ሁለተኛው ሦስት እሑድ በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤቱ እንዲጐበኝ ነው፤ ለዚህም ስድስት ጥንድ ጐብኚዎች ተመድበዋል፤ እስካሁን በትክክል የሚሠሩት አራቱ ጥንዶች ናቸው። ለዩኒፎርምና ለደብተር የሚሆን አነስተኛ ሣጥንም በጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጧል።

ካልተገኙት አምስቱ አንዱ ባለፈው ታኅሣሥ ተገኝቷል፤ አዳማ ከአጎቱ ጋር ይኖራል፤ 12ኛ ክፍልንም እዚያው ጨርሷል። አራቱ ገና አልተገኙም። በ2012 ዓ.ም. በማእከላውያን ክፍል 9ኛ ክፍል ከነበሩት ጋር አብራችሁ የተማራችሁ፣ የነበሩበትን ሰፈር ወይም የዘመድ ስልክ የምታውቁ ወንድሞችና እኅቶች ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በአባላት ጉዳይ ክፍል እገኛለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።